የሆስፒታል ካርድ ስለ ጭንቅላትና አንገት ካንሰር የሚናገረውና የማይናገረው

ዶክተር፣ ጥያቄዎ «የ5 ዓመት የሆስፒታል ካርድ ሰብስቤ የጭንቅላትና አንገት ካንሰር በአገራችን ምን ያህል እንደተስፋፋ ማውጣት፣ ከሱዳንና ከቱኒዚያ ጋርም ማወዳደር እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። ከካርድ የሚገኘው በሽታው ከታከሙት ሰዎች መካከል ያለው ድርሻ ብቻ ነው፤ የሕዝቡን አይነግርዎትም። ማወዳደሩ ግን ይቻላል፣ ካንሰሩን በየተነሣበት ቦታ ከለያዩት።

ይህን የማጠብቀው በዚህ አንድ ስም የተጠቀለሉት በሽታዎች በመንስኤም በዕድሜም ስለማይመሳሰሉ ነው። በቱኒዚያ፣ በአልጄሪያና በሞሮኮ ጎልቶ የሚታየው የናዞፋሪንክስ ካንሰር፣ ማለትም ከአፍንጫ ጀርባ ካለው የጉሮሮ ክፍል የሚነሣው ነው። ከኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ በጨው የደረቀ ሥጋና የቆየ ቅባትም አብረው ይጠቀሳሉ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ጎልማሶች ቢሆኑም በአሥራዎቹ ዕድሜ ሁለተኛ አነስተኛ ከፍታ ይታያል። ሱዳን ስንሻገር ጉዳዩ ለአፍ ካንሰር የሚዳርገው ቱምባክ ነው። ኒኮቲያና ሩስቲካ የተባለው የትምባሆ ዝርያ ተፈጭቶ፣ ተብላልቶ፣ አትሮን ከሚሉት ሶዲየም ባይካርቦኔት ጋር ይለወስና በከንፈርና በድድ መካከል ይወተፋል። አትሮኑ ኒኮቲኑ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፤ ካንሰር አምጪዎቹ ናይትሮሳሚኖችም በቱምባክ ውስጥ እጅግ ብዙ ናቸው። ሁለቱን አገሮች በድምር ቁጥር ብቻ ቢያወዳድሩ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ስለ ጫት መጠየቅዎ አይቀርም። ብቻውን የአፍ ካንሰር ያመጣል ለማለት ማስረጃው ደካማ ነው፤ ብዙ ቃሚ ሲጋራም ስለሚያጨስ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ካርዱ «ጫት ይቅማል» ብሎ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ሺሻና ስለ አልኮል ዝም ካለ፣ ያንን መረጃ ለመንስኤ ትንተና አይጠቀሙበት።

አሁን ወደ ካርዱ። ትልቁ ወጥመድ «የጉሮሮ ካንሰር» የሚለው አባባላችን ነው፤ ማንቁርትንም፣ ፋሪንክስንም (ከአፍንጫና ከአፍ ጀርባ ያለውን ክፍል)፣ የምግብ ቧንቧንም ያጠቃልላል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከአርሲና ከባሌ በብዛት ስለሚመጣ፣ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) እና የኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ የሚደረግ የውስጥ ምርመራ) ወረቀት ሳያዩ ከቆጠሩ ድምርዎ ያብጣል። ካንሰር በተነሣበት ቦታ በሚመደብበት ዓለም አቀፍ የኮድ ሥርዓት፣ በአይሲዲ-ኦ፣ የሚወሰዱት ከሲ00 እስከ ሲ14 እና ከሲ30 እስከ ሲ32 ያሉት ናቸው። የምግብ ቧንቧ (ሲ15) እና ታይሮይድ (ሲ73) ይውጡ። የምላስ ሥር (ሲ01) ከተቀረው ምላስ (ሲ02) ጋር አይደባለቅ፣ የመጀመሪያው ከቶንሲል ጋር የኦሮፋሪንክስ (ከአፍ ጀርባ ያለው የጉሮሮ ክፍል) ወገን ነውና። የልጆች የመንጋጋ እብጠት ሆኖ የሚመጣው የበርኪት ሊምፎማም (የሊምፍ ሕዋስ ካንሰር) ለብቻው ይቆጠር።

ሌላው ጉድለት የሚያሳንስ ነው። የናዞፋሪንክስ ታማሚ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአንገት እብጠት ነው፤ የንፍፊት ቲቢ ተብሎ ለወራት መድኃኒት ይወስዳል። በኋላ ከንፍፊቱ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ሲባል፣ አፍንጫው በኢንዶስኮፕ ካልታየ ካርዱ ላይ የሚቀረው «ምንጩ ያልታወቀ» የሚለው ነው። ስለዚህ ሲ80 (ምንጩ ያልታወቀ) እና ሲ77 (ንፍፊት) ተብለው የተመዘገቡትን፣ እብጠቱ አንገት ላይ የሆነውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ መልሰው ያንብቡ። በጥሩ ጥናት ላይ ሳይቀር ይህ ሥራ ሲዘለል ይታያል፤ ያሳዝናል፣ የሚጠፉት ወጣቶቹ ናቸውና።

አድራሻም ይፈትሹ። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ስለነበር የካርዱ ስብጥር ጨረር የሚያስፈልጋቸውን ያበዛል። ለሕክምና መጥቶ ዘመድ ቤት ያረፈም «አዲስ አበባ» ተብሎ ይጻፋል። የካርዱ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ከ2012 ዓ.ም. ታማሚዎች የመጀመሪያዎቹ 2019፣ የቀሩት 2020 እንደ አውሮፓውያን ናቸው፤ በቀኑ እንጂ 8 በመደመር ብቻ አይለውጡ።

የሕዝብ ምጣኔ ከፈለጉ ከ2011 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ አለ። ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ ጥሬ ምጣኔው (የዕድሜ ልዩነት ያልታሰበበት) ያሳንሳል፤ በዕድሜ ያስተካክሉት። ለምሳሌ ከ60 እስከ 64 ዓመት ያሉ 50,000 ሰዎች ቢኖሩና በ3 ዓመት 6 ታማሚ ቢገኝ፣ 6 ለ150,000 ሲካፈል ከ100,000 ሰው በዓመት 4 ይሆናል። በዓለም መደበኛ ሕዝብ (አገሮችን ለማወዳደር በተዘጋጀ የዕድሜ ስብጥር) የዚህ ዕድሜ ድርሻ ከ100,000 ውስጥ 4,000 ስለሆነ 4 በ0.04 ተባዝቶ 0.16 ይመጣል። የየዕድሜው እንዲህ ተሠርቶ ይደመራል። ወንድና ሴት ለየብቻ ይሠሩ። ከ10 በታች ታማሚ ያለበትን ቦታ በምጣኔ ሳይሆን በቁጥሩ ያሳዩ፤ አንድ ሰው ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ምጣኔው በጣም ይዘላልና።