የሚያሸናው ኪኒን ከምን ጋር ይጣላል?

ድሬዳዋ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። የሚያሸና መድኃኒት ለምትወስዱ ሰዎች የመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። እንደ ድሬ ልጅ ሁሉንም አንተ፣ አንቺ እላለሁ፤ አትቀየሙኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ይህን አንብቦ ኪኒን ማቆም የለም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ አባቴ ለደም ግፊት ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳል። ጉልበቱን ሲያመው ዳይክሎፌናክ እገዛለታለሁ። ችግር አለው? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አለው። ከመጡት ሁሉ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ኩላሊት ደም የሚያጣራው በግፊት ነው። የሚያሸናው ኪኒን፣ ማለትም ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ፣ የሰውነትን ፈሳሽ ይቀንሳል። ዳይክሎፌናክ ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባውን ስር ያጠባል። ኤናላፕሪል ደግሞ መውጫውን ያሰፋል። ሦስቱ ከተገናኙ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት በጣም ሊወርድ ይችላል፤ ኩላሊቱ በጥቂት ቀናት ሊጎዳ ይችላል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። በዚያ ላይ የግፊቱን መድኃኒት ያዳክሙታል። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የሕመም ማስታገሻ ይወስድ እንደሆነ ነው።

ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይሻላል። የሚቀባው ዳይክሎፌናክም ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ስለሆነ ከሚዋጠው ይቀላል። የድሬ ሙቀት ራሱ ውኃ ይጨርሳል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው ኪኒኖቹን ይቀጥል እንደሆነ በዚያው ቀን ሐኪሙን ጠይቁ። ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ካልተመረመረም ይመርመር።

ጥያቄ፦ ለልቤ ላሲክስና ዲጎክሲን እወስዳለሁ። ፖታሲየም በየጊዜው ተመርመሪ ይሉኛል። ለምን?

መልስ፦ ላሲክስ የሚያሸና ኪኒን ነው፤ ፖታሲየም የሚባለውን የደም ማዕድን ከሽንት ጋር ያስወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን ልብ ላይ ይበረታል፤ መጠኑ ሳይጨመር ሊመርዝሽ ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ ምግብ ማስጠላት፣ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ መታየት፣ የልብ ምት መዘባረቅ ካለ ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ፕሬድኒሶሎንና የአስም ሳልቡታሞልም ፖታሲየም ስለሚያወርዱ ከታዘዙልሽ ተናገሪ።

ጥያቄ፦ እኔ ስፓይሮኖላክቶን ነው የምወስደው። ጓደኛዬ ሙዝ ብላ፣ የፖታሲየም ኪኒንም ጨምርበት አለኝ። (ከሐረር)

መልስ፦ ጓደኛህ ላሲክስ የሚወስድ ይመስለኛል። ያንተውም ያሸናል፣ በፖታሲየም በኩል ግን ተቃራኒ ነው፣ ፖታሲየምን ይይዛል። ኤናላፕሪል ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። ፖታሲየም ሲበዛ ልብ ሊያቆም ይችላል። አንድ ሙዝ አይገድልህም፤ የፖታሲየም ኪኒኑን ግን ሐኪምህ ካላዘዘው አትንካው።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ስለ ጫትም ንገረን እንጂ።

መልስ፦ ጠብቄው ነበር። ጫት ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፤ ኪኒኑ የሚያወርደውን እሱ መልሶ ያወጣዋል። በርጫው መሀል ሽንት እንዳያስነሳው ብሎ ኪኒኑን የሚዘልም አለ። ላሲክስ ከሆነ መዝለል አያስፈልግም። ጠዋት 1 ሰዓት ከዋጥከው ማሸናቱ 7 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ይህን ያልኩት ኪኒኑ እንዳይዘለል እንጂ ለበርጫው ፈቃድ ልሰጥ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ስኳር ይጨምራል ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ሲጀመር ሰሞን ቶሎ ቶሎ ተለካ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለአእምሮ ሕመሙ ሊቲየም ይወስዳል። አሁን ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታዘዘለት።

መልስ፦ ገና ካልጀመረ አይጀምር። ሁለቱም ሐኪሞች አንዱ ያዘዘውን ሌላው ይወቅ። ይህ ኪኒን ሊቲየም ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያደርግ በደም ውስጥ ይከማቻል። ጀምሮ ከሆነና እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ አፉ ከተሳሰረ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው። የሁለቱንም ኪኒን ፓኬት ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ረመዳን ላይ ኪኒኔን ሱሁር ላይ ልዋጠው?

መልስ፦ ሱሁር ላይ ከዋጥሽው ውኃ ሳትጠጪ ሲያሸናሽ ይውላል። ለብዙ ሰው ከኢፍጣር በኋላ ይሻላል። ወሩ ሳይገባ ግን ሐኪምሽን ጠይቂ፣ በተለይ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ።