የጣና ነጭ ዓሣዎችና የዝርያ ጉዳይ፦ ጥያቄና መልስ

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። አዝጋሚ ለውጥ የሚባለው በትውልዶች ሂደት በአንድ ስብስብ ላይ የሚታይ ለውጥ እንጂ አንድ እንስሳ በዕድሜው የሚያመጣው ለውጥ አይደለም። ይህን ሳይለዩ ለሚቀርቡ ጥያቄዎች ረጅም መልስ አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ቀይ ቀበሮ በእርግጥ ቀበሮ ነውን?

መልስ፦ አይደለም። የዘረመል ምርመራ የሚያዛምደው ከግራጫው ተኩላና ኮዮት ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ የተኩላ ዘመድ ጋር ነው። ቅላቱንና የአፉን ሹልነት አይቶ መመደብ ያሳስታል፤ በመልክ ብቻ አትፍረዱ።

ጥያቄ፦ ጭላዳስ?

መልስ፦ ከወገኑ እስከ ዛሬ የተረፈ ብቸኛው ዝርያ ነው። ዘመዶቹ የሚታወቁት በቅሪተ አካል ነው።

ጥያቄ፦ ከድንቅነሽ ሌላ በአገራችን ለአዝጋሚ ለውጥ ማስረጃ የሚሆን አለ ወይ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስለ ጣና ላውራ። በሐይቁ ላቤኦባርቡስ ከሚባለው ወገን፣ በገበያ ነጭ ዓሣ የሚባሉ 15 ያህል ዝርያዎች የሚኖሩ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣናና ከገባሮቹ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከታች ያለ ዓሣ ወጥቶ ከሐይቁ ዓሣ ጋር ሊቀላቀል አይችልም። በዚህ ተነጥሎ በኖረ ውኃ ውስጥ አንዱ ወፍራም ከንፈሩን በድንጋዮች መካከል እየሰደደ የነፍሳት እጭ ይለቅማል፤ ሌላው በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ እንስሳት ያጣራል፤ በጎርጎራ ስም የተሰየመው ደግሞ ቀንድ አውጣ ይሰብራል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ስምንቱ ዓሣ በል መሆናቸው ነው። እነዚህ ዓሣዎች በሚመደቡበት አስተኔ (የተዛማጅ ወገኖች ስብስብ) ዓሣ በል መሆን ብርቅ ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅ አፋቸውን ከፍቶ ማየት ይበቃል። በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የለም። ጥርሶቻቸው ከስንጥባቸው ኋላ፣ በጉሮሮ ውስጥ ባሉ ሁለት ቅስት አጥንቶች ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ ስለዚህ ያደኑትን መንከስም ሆነ መቦጨቅ ስለማይችሉ በጠባቡ ጉሮሯቸው የሚያልፍ ትንሽና ቀጭን ዓሣ ብቻ ይውጣሉ። አዝጋሚ ለውጥ ባለው አካል ላይ እየጨመረ ይሠራል እንጂ ሁሉን ከሥሩ አይጀምርም የምንለው ይህን የመሰለውን አይተን ነው።

አስተያየት (አንድ አባል ከባሕር ዳር)፦ በገበያ ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው። ውሻም ትልቅና ትንሽ፣ አፈ ረጅምና አፈ አጭር አለው፤ ነገር ግን አንድ ዝርያ ነው። ዓሣዎቹ ለምን 15 ይባላሉ?

አስተያየት (ሌላ አባል)፦ ወንድሜ፣ ውሻን እንዲህ የለያየው ሰው መርጦ ማራባቱ ነው። ጣና ላይ መራጭ ማን ነበር?

አስተያየት (የመጀመሪያው አባል)፦ መራጩን አልጠየቅሁም፤ ቆጠራውን ነው የጠየቅሁት።

መልስ፦ ክርክሩን ልግታው። የባሕር ዳሩ አባል ያነሡትን አሳብ ሊቃውንትም ይዘውት ነበር። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጣና ብዙ ዝርያዎችን ለይቶ ሰይሞ ነበር፤ በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ ሁሉንም መልኩ እንደሚለዋወጥ አንድ ዝርያ ቆጠራቸው። በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከአካል ልክ ጋር ምግባቸውንና መኖሪያቸውን መርምረው እንደገና ለዩአቸው፤ ቀጥሎ የመራቢያቸው ጉዳይ ተጠና። በርካቶቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወጥተው ይራባሉ፤ ነገር ግን ወደ ወንዝ የሚወጡበት ሳምንትና እንቁላል የሚጥሉበት ገባር ይለያያል። ውሾች ግን ከተለቀቁ ይዳቀላሉ። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ በመልክ ብቻ አትፍረዱ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚራባ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሰው ከጦጣ ከመጣ ጦጣ እስካሁን ለምን አለ?

መልስ፦ ይህ በተደጋጋሚ ተጠይቋል። የጋራ ቅድመ አያት አላቸው፤ አንዱ ከሌላው አልመጣም። ወደሚቀጥለው።

ጥያቄ፦ ስለ አዝጋሚ ለውጥ በሰፊው ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ምኑን? እባክዎ ጥያቄውን ወስነው ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ የጣና ዓሣዎች በስንት ዘመን ተለያዩ?

መልስ፦ የሐይቁ ደለል እንደሚያሳየው ጣና ከ16,000 ዓመታት በፊት ግድም ደርቆ ወደ ረግረግነት ተለውጦ ነበር። ዓሣዎቹ የተለያዩት ከዚያ ወዲህ ከሆነ እጅግ ፈጣን ለውጥ ነው፤ በገባር ወንዞች ተጠልለው የቆዩ ከነበሩ ግን ዘመኑ ይረዝማል። የዘረመል ልዩነታቸው ጥቂት መሆኑ ለፈጣኑ አሳብ ይመቻል፤ ሆኖም የእነዚህ ዓሣዎች ክሮሞሶም 150 ያህል፣ ማለትም በአስተኔው ከተለመደው 50 ሦስት እጥፍ ስለሆነ ምርመራው አድካሚ ነው። አሁንም አንድ ዓሣ በዕድሜው ከንፈሩን አወፈረ እንዳትሉ አደራ።

ጥያቄ፦ የደጋ ሰው ከቀጭን አየር ጋር እንዴት ተላመደ?

መልስ፦ የእኔ ሙያ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ በሚኖሩ አማሮች ላይ በተደረገ ጥናት የሄሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) መጠን እንደ ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ከፍ ያለ እንዳልሆነ ታይቷል። ከዚህ በላይ ያለውን ሐኪም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዝርያዎቹ 15 ሆኑ አንድ፣ ለዓሣ አስጋሪው ምን ለውጥ አለው?

መልስ፦ ብዙ አለው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ በኋላ፣ ለመራባት የሚወጡት ዓሣዎች በወንዝ አፍ ላይ በጅምላ ስለሚያዙ ቁጥራቸው እጅግ አሽቆልቁሏል። ሁሉንም አንድ አድርጎ የሚቆጥር የምርት መዝገብ ግን በሐይቁ ውስጥ የሚቀሩት እስካሉ ድረስ «ነጭ ዓሣ አለ» ይላል፤ በጉማራ የሚራባው አንድ ዝርያ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ በዚያ መዝገብ ላይ አይታይም።