የሱቃችሁ አድራሻ በማን እጅ ነው? ስለ ድረ ገጽ ጥያቄና መልስ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለች ትንሽ ቢሮ ሆኜ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ድረ ገጽ ስሠራ 11 ዓመት ሆነኝ። «ያስፈልገኛል ወይ? ካስፈለገኝስ እንዴት ይሁን?» የምትሉ ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ፤ ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ የጫማ ሱቅ አለኝ። ቴሌግራም ላይ 14 ሺህ ተከታይ አለኝ፣ ቲክቶክም እየሠራልኝ ነው። ድረ ገጽ ምን ይጨምርልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቻናልህን አትተው፤ ገበያህ እዚያ ነው። ግን 14 ሺህ ሰው የሰበሰብከው በሰው ግቢ ውስጥ ነው፤ በሩ የተዘጋ ዕለት አንተም ደንበኛህም ውጭ ናችሁ። ይህ ደግሞ የደረሰብን ነገር ነው። ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ ድረስ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። በቻናል ብቻ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች ያን ጊዜ ቢሮዬ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ትንሽም ብትሆን የራሳቸው ገጽ የነበራቸው ግን ዕቃቸውም ስልክ ቁጥራቸውም ሳይጠፋ ከረመ።

ሌላው ነገር፣ ቻናልህ የሚያገለግለው አስቀድሞ የሚያውቅህን ሰው ነው። የማያውቅህ ሰው ጎግል ላይ «የወንድ ቆዳ ጫማ አዲስ አበባ» ብሎ ይጽፋል። አንተ ባለፈው ወር የለጠፍከው ጫማ በዛሬው ፖስት ተቀብሯል። ድረ ገጽህ ላይ በስሙ፣ በቁጥሩና በዋጋው ከተቀመጠ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። ቻናሉ ይጥራ፣ ገጹ ያስተናግድ።

ጥያቄ፦ ለ30 ዓመት ፒያሳ የልብስ ስፌት ቤት ነበረኝ። አካባቢው ለልማት ሲነሳ ወደ ሌላ ሰፈር ሄድኩ፤ የድሮ ደንበኞቼ ጠፉብኝ። እንደ እኔ ላለው ሰው አልረፈደም?

መልስ፦ አባቴ፣ አልረፈደም። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእርስዎ ነው። እኛ አድራሻ ስንናገር የለመድነው «ከእንትን ሕንፃ ጀርባ፣ ከእንትን ካፌ ፊት ለፊት» ብለን ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲነሱ ምልክቱ ሄደ፣ አድራሻውም አብሮ ሄደ። ደንበኛዎ ረስቶዎት አይደለም፤ መጥቶ አጥር አይቶ ተመልሶ ነው።

እንደ እርስዎ ከፒያሳ ለተነሱ አንድ የሰዓት ጠጋኝ የሠራሁትን ልንገርዎ። ገጹ አንድ ብቻ ነው። ከላይ የድሮ ሱቃቸው ፎቶ አለ፤ ሰማያዊው የቆርቆሮ ማስታወቂያ፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ትልቅ የግድግዳ ሰዓት። ከሥሩ በጉልህ «ፒያሳ የነበርነው ሰዓት ጠጋኞች አሁን እዚህ ነን» ይላል። ቀጥሎ ከታክሲ ከሚወረድበት እስከ በሩ ድረስ መንገዱ በአምስት ፎቶ ይታያል፦ ፌርማታው፣ የሚታጠፉበት ፋርማሲ፣ የሕንፃው መግቢያ፣ ደረጃው፣ በሩ። ከዚያ ስልክ ቁጥርና የጎግል ማፕ ምልክት። አለቀ። «ፒያሳ» የሚለው ቃል እዚያ የገባው ሆን ተብሎ ነው፤ የድሮ ደንበኛ የሚፈልግዎ በአዲሱ ሰፈር ስም ሳይሆን በሚያውቀው ስም ነውና። ገጹ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ደረሰኝ ይዛ መጣች። ሱቁ ከመነሳቱ በፊት ለጥገና የሰጠችው ሰዓት ነበር፤ ስሟ ተጽፎበት በፖስታ ታሽጎ መሳቢያ ውስጥ ሲጠብቃት ቆይቷል።

እርስዎም መጀመሪያ የድሮውን ሱቅ ፎቶ ይፈልጉ። ከቤት አልበም ውስጥ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የሠራልኝ ልጅ ስልኩን አያነሳም። ዌብሳይቴ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በብዛት የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ እኔንም ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም፣ በባለሙያው ኢሜይል መመዝገቡ ነው። ስሙ በየጊዜው ክፍያ ተከፍሎ መታደስ አለበት፤ ማሳሰቢያው የሚሄደው ለእሱ እንጂ ለአንቺ አይደለም። ልጁ ሥራ ከቀየረ ወይም አገር ከለቀቀ ስሙ ጊዜው ያልፋል።

እህቴ፣ ነገ አትበይ። ስሙ የተመዘገበበትን ድርጅትና የሚያበቃበትን ቀን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ማየት ይቻላል። ዶት ኮም ከሆነ ጊዜው እንዳለፈ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ለሌላ ሰው አይሸጥም፤ ከተሰረዘም በኋላ ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ማስመለሻ 30 ቀን አለው። ከዚያ ወዲያ ግን ማንም ሊወስደው ይችላል። ልጁን በቤተሰቡም በጓደኛውም በኩል ፈልጊው፤ ዶሜይኑን ወደ አንቺ አካውንት እንዲያዛውር ብቻ ጠይቂው። የቀረው ሒሳባችሁ በኋላ ይደርሳል።

ገና ለምትጀምሩት ደግሞ፦ ሱቅ ስትከራዩ ውሉን በደላላው ስም አታደርጉም። ዶሜይኑም በእናንተ ስም፣ በእናንተ ኢሜይል፣ ፓስወርዱም በእናንተ እጅ ይሁን። በዶት ኢቲ (.et) የሚያበቁትን የአገራችንን ስሞች የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ክፍያው በብር ስለሆነ የዶላር ጣጣ የለበትም። ውጭ አገር የሚከፈል ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን የኪራይ ቦታ፣ የምትይዙ ከሆነ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ከወዲሁ አስቡበት። የመጀመሪያውን ዓመት ከፍለው ለማደሻ ያጡ ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ይሻላል በእንግሊዝኛ?

መልስ፦ ከአንተ የሚገዛው ማን ነው? መርካቶ ጅምላ የምትሸጥ ከሆነ አማርኛ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ለቱሪስት የእጅ ሥራ የምትሸጥ ከሆነ እንግሊዝኛው ይቅደም። ብዙዎቻችን ሁለቱም ያስፈልጉናል። አማርኛውን በተመለከተ ግን ሦስት ነገር ልብ በል።

ጽሑፉን ፎቶ ላይ አትጻፈው። ባነር ላይ ያማረ ፊደል ለዓይን ደስ ይላል፣ ጎግል ግን እንደ ጽሑፍ አያነበውም፤ ደንበኛም ስልክ ቁጥሩን ነክቶ መደወል አይችልም። የድሮ ብሮሹርህ በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ቀድተህ ስትለጥፈው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል፤ ዛሬ ስልክም ኮምፒውተርም በሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ እንደ አዲስ ማስጻፍ ነው ያለው። ሁለተኛው የሞክሼ ፊደል ነገር ነው። አንዱ «ፀጉር ቤት» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ጸጉር ቤት»። አንዱን ርዕሱ ላይ፣ ሌላውን ከታች በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባው። ሦስተኛው ሰዓት ነው። «ከ2 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ክፍት ነን» የሚለውን አንድ የውጭ አገር ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበው በሌሊት ሊመጣ ነው። አማርኛው ላይ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» በል፤ እንግሊዝኛው ገጽና ጎግል ማፕ ላይ በእነሱ አቆጣጠር አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃ እሸጣለሁ። ዋጋ ከጻፍኩ ተፎካካሪ ያያል፤ ዋጋውም በየጊዜው ይለዋወጣል።

መልስ፦ ተፎካካሪህማ ሰው ልኮም ያጣራል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን አንብቦ ዝም ብሎ የሚያልፈውን ደንበኛ ግን አታየውም፤ የሚጎዳህም እሱ ነው። ብዙ ሰው ዋጋ መጠየቅ ያፍራል፤ ጠይቆ አለመግዛት ደግሞ የባሰ ያሳፍረዋል። ሙሉውን መጻፍ ከከበደህ «ከዚህ ብር ጀምሮ» በልና አጠገቡ የተጻፈበትን ቀን አስቀምጥ። ቀኑ ካለ ዋጋው ቢጨምር ማንም አይጣላህም።

ጥያቄ፦ ክፍያ በድረ ገጹ መቀበል እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፤ እንደ ቻፓ ያሉ ድርጅቶችም የተለያዩ የክፍያ መንገዶችን በአንድ ላይ ያገናኙልሃል። ንግድ ፈቃድህንና የግብር ከፋይ ቁጥርህን አዘጋጅ። ነገር ግን በቀን ሦስት ትእዛዝ ለሚመጣለት ሱቅ ስልክ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ይበቃል። የድረ ገጽ ክፍያውን አስቀድሞ ማስገባት የሚጠቅመው ደንበኛው ውጭ አገር ላለ ሰው ነው፤ ለእናቱ ልደት ኬክ የሚያዝ የዲያስፖራ ልጅ ሌሊት ደውሎ ሊያስነሳህ አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ ምሳ ቤት አለኝ። እኔስ?

መልስ፦ እማማ፣ ለእርስዎ አያስፈልግም። ተመጋቢዎ የአካባቢው ሠራተኛ ነው፤ የሽሮው ሽታ ይጠራዋል። ጎግል ማፕ ላይ ብቻ ቤቱን ያስመዝግቡ፤ ነፃ ነው፣ ልጅዎ በስልክ ትጨርሰዋለች። በጾም ምን እንዳለ በፎቶ ይጨመርበት። ድረ ገጽ ላሥራልዎ የሚል ቢመጣ ገንዘቡን ለምጣድዎ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የባህል ልብስ እሸጣለሁ። ገጼ በቢሮ ዋይፋይ ቶሎ ይከፈታል፣ በሞባይል ዳታ ግን አልከፈት ይላል።

መልስ፦ ፎቶው ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። 20 ቀሚስ እንዳለ ከጫንሽ ደንበኛሽ አንዴ ለማየት እስከ 100 ሜጋባይት ዳታ ታቃጥላለች፤ ታክሲ ውስጥ ሆና ማን ይጠብቃል? እያንዳንዱን ወደ 150 ኪሎባይት አሳንሺው፤ ለስልክ ጥራቱ አይጎድልም፣ ሃያውም በድምሩ 3 ሜጋባይት ይሆናል። የጥለቱን ሥራ በቅርብ የሚያሳየውን አንድ ፎቶ ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ ገዢሽ የምትወስነው እሱን አይታ ነው። ስትጨርሺ ሊንኩን ላኪልኝ። በድሮ ስልኬ፣ በዳታ ከፍቼ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ እነግርሻለሁ።