መስመሩ ሲቆረጥ ማን ይነጠላል?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሁለት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመራቂዎች ጅማ ሄርማታ ወዳለው ቤቴ መጥተው ቡና እየጠጣን ሳለ «ጋሼ፣ የመስመር ብልሽት ጥናታችን ሙሉ በሙሉ አለፈ» አሉኝ። እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ «አለፈ» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት ነበረኝ።

እያንዳንዱን የማስተላለፊያ መስመር በተራ እየቆረጥኩ የቀሩት ከአቅማቸው በላይ ይጫኑ እንደሆነ አሰላ ነበር። በአንዱ መስመር ላይ ውጤቱ ባዶ መጣ። ባዶ ማለት ችግር የለም ማለት መሰለኝ። በክረምቱ ያንኑ መስመር መብረቅ መታውና ከመስመሩ ጋር አንድ የኃይል ማመንጫ አብሮ ከሥርዓቱ ወጣ። ያን ምሽት በሻማ ብርሃን ወረቀቴን መልሼ ሳነብ የተሰማኝን እፍረት ዛሬም አልረሳሁትም።

ባዶ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ስሌቱ የተቆረጠው መስመር ተሸክሞት የነበረውን ኃይል ለሌሎቹ ያከፋፍላል። ለዚህም ከመስመሩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ከሚላከው ኃይል ውስጥ በራሱ በመስመሩ የሚያልፈውን ድርሻ ከ1 ይቀንስና በቀሪው ያካፍላል። መስመሩ የማመንጫው ብቸኛ መውጫ ከሆነ ድርሻው ራሱ 1 ነው። ቀሪው ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ደግሞ የለም። ሶፍትዌሩ ዘለለው፤ እኔም አብሬው ዘለልኩ።

የጅማ ሰው ነገሩን በቡና ያውቀዋል። ወደ አንድ ቀበሌ የሚያስገባውን ብቸኛ ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው ቡናው በሌላ መንገድ ዞሮ አይመጣም፤ እዚያው ይቀራል። ነጋዴው ከሌላ ወረዳ ይገዛል፤ የሚጨናነቀውም የዚያ ወረዳ መንገድ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የጎደለውን ማን ይሞላዋል የሚለው ነው። በኤሌክትሪክ ሥርዓት የሚሞሉት ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ ከ50 ኸርዝ ሲወርድ የተርባይን መቆጣጠሪያቸው ወዲያው ምላሽ የሚሰጥ፣ ትርፍ አቅምም ያላቸው ማመንጫዎች ናቸው። የጎደለውን ሁሉ በአንድ ትልቅ ማመንጫ ላይ የሚጭን ሞዴል ካያችሁ አትመኑት።

አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው። በአንድ መስመር ብቻ የተንጠለጠለ ማመንጫ 100 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ቢነጠል ከጎደለው ግማሹን ሌላ ማመንጫ ይሞላል፤ ከዚህም 80 በመቶው በአንድ ሩቅ መስመር ያልፋል። ያ መስመር አሁን 70 ሜጋ ዋት ይሸከማል፤ ጣሪያው 100 ነው። ከብልሽቱ በኋላ 110 ይሆናል። ስለዚህ የተንጠልጣዩ ማመንጫ ምርት ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ወደ 75 መውረድ አለበት፤ የቀረው 25 ያን መስመር ከማይጭን ሌላ ቦታ ይመጣል።

የኃይል ገበያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ማመንጫው የሚጨምራት እያንዳንዷ ሜጋ ዋት በዚያ ሩቅ መስመር ላይ የ0.4 ሜጋ ዋት ሥጋት ትጨምራለች። የመስመሩን ጣሪያ በአንድ ሜጋ ዋት ማላላት በሰዓት 500 ብር የሚያተርፍ ከሆነ፣ ለማመንጫው የሚከፈለው ዋጋ በሜጋ ዋት ሰዓት 200 ብር (500 ሲባዛ በ0.4) መቀነስ አለበት። ዋጋው ይህን ካላሳየ ባለማመንጫው ሙሉ 100 ማምረት ያዋጣኛል ይላል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ በስልክ «ቀንስ» ይለዋል። በስልክ የሚመራ ገበያ ገበያ አይመስለኝም።

ብልሽት ከወረቀት በላይ እንደሚሆን ለማየት ብሪታንያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2019 መብረቅ አንድ መስመር መታ። መስመሩ ወዲያው ተመለሰ፤ ነገር ግን አንድ የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫና አንድ የጋዝ ማመንጫ ተከታትለው ወጡ። ፍሪኩዌንሲው ወደ 48.8 ኸርዝ ወረደ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችም ኃይል ተቋረጠባቸው።

እኛ ዘንድ ሙሉ የኃይል ገበያ ገና ነው። ቢሆንም ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር ከተመሠረተ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚያ እየሄድን ነው፤ ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የተዘረጋው መስመርም 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል። ለጎረቤት ኃይል የሸጠ ሰው ማመንጫው ሲነጠል የሚሰጠው ምክንያት ብዙም አይደመጥለትም።

የቅርባችንን የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ ግልገል ጊቤ 1ንም አስቡት። 184 ሜጋ ዋት ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ግልገል ጊቤ 2 የሚሠራው ከእርሷ ተርባይኖች የወጣውን ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተቀብሎ ነው። የላይኛዋ ለረጅም ሰዓት ብትነጠልና ውኃው በሌላ መንገድ ካልተለቀቀ፣ የታችኛው 420 ሜጋ ዋትም ይጠማል። ይህን የትኛውም የመስመር ስሌት ብቻውን አይነግራችሁም።

ሁለቱን ተመራቂዎች የግሪዱን፣ ማለትም የአገሩን የኤሌክትሪክ መስመሮች መረብ፣ ካርታ ዘርግተው ብቸኛ መውጫ የሆነውን መስመር ሁሉ በቀይ እንዲያሰምሩ አዝዣቸዋለሁ። ቅዳሜ ይዘውት ይመጣሉ። ጀበናው ትልቅ ነው፤ እናንተም የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።