ፒራሚዱን ማን ገነባው? ስለ ሰባቱ ድንቆች የጠየቃችሁኝ

ስለ ጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች፣ ማለትም የጥንት ግሪኮች በዝርዝር ስላስቀመጧቸው ሰባት ታላላቅ ሥራዎች፣ ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል፤ ደጋግማችሁ ያነሳችኋቸውን አራቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ግብፅ ውስጥ ያለውን የጊዛን ፒራሚድ የገነቡት ባሪያዎች ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 እዚያው ጊዛ ውስጥ የሠራተኞቹ መቃብር ተገኘ። ለባሪያ ከንጉሥ መቃብር አጠገብ ማን መቃብር ይሠራለታል? ዳቦ የሚጋግሩበት ቦታ፣ የበሉት የከብት አጥንት፣ ሌላው ቀርቶ ተሰብሮ በወጌሻ የዳነ የራሳቸው አጥንት ሁሉ ተገኝቷል። ግዴታ አልነበረባቸውም አልልም፤ ባሪያ ግን አልነበሩም።

እኔን ከሁሉም የሚነካኝ የመረር ማስታወሻ ነው። መረር የጀልባ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ቱራ ከሚባለው የድንጋይ ማውጫ ነጭ ድንጋይ እየጫነ በዓባይ ወንዝ ወደ ጊዛ ሲያመላልስ ውሎውን ቀን በቀን በፓፒረስ (ከደንገል በተሠራ ወረቀት) ላይ ይጽፍ ነበር፤ ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ2013 ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ ላይ ተገኘ። የዛሬ 4500 ዓመት ገደማ የተጻፈ! ስለዚህ "ከሌላ ፕላኔት የመጡ ናቸው የሠሩት" የሚል ወሬ ስሰማ በጣም ነው የምናደደው። የእነ መረርን ላብ መንጠቅ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰባቱ ዛሬ ስንቱ ቆሟል?

አንዱ ብቻ፣ ያው የጊዛው ፒራሚድ። ከሁሉም ቀድሞ የተሠራው እሱ፣ የቀረውም እሱ። ከ100 ሜትር በላይ ቁመት የነበረውን የእስክንድርያ የመብራት ማማ የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የግብፁ ሱልጣን ቃይትባይ በቦታው ምሽግ ሠራ።

ጥያቄ፦ ከሰባቱ አንዱ የሆነው፣ በግሪኳ ደሴት ሮድስ የቆመው ሐውልት በእግሮቹ መሀል መርከብ ያሳልፍ ነበር?

አያሳልፍም፤ ያ ሥዕል ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ፈጠራ ነው። 33 ሜትር ገደማ የሚሆነው የነሐስ ሐውልት 50 ዓመት አለፍ ብሎት በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀ።

ጥያቄ፦ አክሱም ለምን ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም?

ዝርዝሩን ያወጡት ግሪኮች ናቸው፣ እሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት። ትልልቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ደግሞ የቆሙት ከልደት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ንቀት አይደለም፣ የዘመን ጉዳይ ነው። የፒራሚዱ ድንጋይ አንዱ በአማካይ 2.5 ቶን ገደማ ነው። አክሱም ላይ የወደቀው ትልቁ ሐውልት ግን ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ሆኖ ከ500 ቶን በላይ ይመዝናል! አክሱም ከሄዳችሁ ሐውልቶቹን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፤ ከከተማዋ በስተምዕራብ ወደ ጎበድራ ኮረብታ ውጡ። ጠራቢዎቹ ድንጋዩን ለመፈልፈል የተከሉት የሽብልቅ ቦታ እስካሁን በረድፍ ይታያል።