የ2002ቱ «ዘ ታይም ማሽን» ካላስደሰተህ መጽሐፉን አንብበው

«እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ፊልም ሰለቸኝ፣ ልብ ወለዱም እንደዚያው ነው ወይ?» ላልከው፣ በፍጹም አይደለም። አንብበው።

ፊልሙ ላይ ዋናው ሰውዬ በጊዜ ውስጥ የሚጓዝበትን ማሽን የሚሠራው የሞተች እጮኛውን ለማዳን ነው። ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ ግን እጮኛ የምትባል የለችም። ሰውየውን የሚነዳው የማወቅ ጉጉት ነው። እ.ኤ.አ. 802,701 ላይ የሚያገኛቸው ኤሎይና ሞርሎክ የሚባሉ ፍጡራንም ዝም ብለው ተጠቂና ጭራቅ አይደሉም። የባለሀብትና የሠራተኛ ልዩነት ሥር ሰዶ ሰውን ለሁለት ዘር እንደከፈለው ሰውየው ይገምታል። ፊልሙ ይህን ገፋ አድርጎ ወደ ድብድብ መሮጡ በጣም ያናድዳል። ዳይሬክተሩ እኮ የደራሲው የልጅ ልጅ ልጅ ነው!

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ያጠረ ቅጂ እንዳትይዝ። እኔ እጅ የገባው አንዱ፣ ፀሐይ ስትደክም የሚታይበትን የባሕር ዳርቻ ክፍል ቆርጦ አውጥቶታል። ከመጽሐፉ ሁሉ ልብ የሚያርደው ደግሞ እሱ ነው።