ስለ ኮዲንግ ኢንተርቪው ጠይቁኝ

ሰላም የድሬ ልጆች! የሳቢያን ልጅ ነኝ። ሶፍትዌር መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሁን ከቤቴ ሆኜ ለውጭ ድርጅት እሠራለሁ፤ አዲስ ገቢዎችንም ኢንተርቪው አደርጋለሁ። ኮዲንግ ኢንተርቪው ማለት ለሥራ ስትወዳደሩ ጠያቂ እያያችሁ ኮድ የምትጽፉበት ነው፤ የከበዳችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሊትኮድ (የኮድ መለማመጃ ድረ ገጽ) ላይ 300 ጥያቄ ሠርቻለሁ። ኢንተርቪው ላይ ግን እጄ ይተሳሰራል። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ እያወራህ ሠርተህ ታውቃለህ? እኔን የጣለኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ኢንተርቪዬ ላይ ጥያቄው ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብዬ ጻፍኩ። መሃል ላይ ተሳሳትኩ። ጠያቂው ምን እያሰብኩ እንደሆነ ስለማያውቅ ሊያግዘኝ አልቻለም። ወደቅኩ፤ በጣም ነው ያመመኝ። ዛሬ ጠያቂ ሆኜ ሳየው ነገሩ ግልጽ ነው። የሚያወራ ልጅ መንገድ ሲስት አንድ ቃል ጣል አደርግለትና ይመለሳል። ዝም ያለውን ከየት ልመልሰው? ስለዚህ 301ኛውን ተወው። ከሠራሃቸው አሥር ምረጥ። ከጓደኛህ ጋር ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ በሉና እያስረዳኸው እንደገና ሥራቸው።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ይሄ ቢግ ኦ የሚሉት ነገር አልገባኝም! በቀላሉ አስረጂኝ።

መልስ፦ እሺ የኔ እህት፣ ቢግ ኦ ማለት ዕቃው ሲበዛ ሥራው ምን ያህል እንደሚበዛ መናገሪያ ነው። ከፊራ ገበያ እንሂድ። የ10,000 ዕቃ ዋጋ ተሰጠሽ እንበል። ድምራቸው 500 ብር የሚመጣ ሁለት ዕቃ ፈልጊ ተባልሽ። እያንዳንዱን ከሌላው ጋር ብትደምሪ 50 ሚሊዮን ገደማ ጥንድ ይሆናል። ሌላ መንገድ አለ። 180 ብር ላይ ስትደርሺ «320 አይቻለሁ?» ብለሽ መዝገብሽን እዪ። ከሌለ 180ን መዝግበሽ እለፊ። ዝርዝሩን አንዴ ብቻ ዞርሽ፤ 10,000 እርምጃ። መዝገቡ ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ዲክሽነሪ፣ ጃቫ በሚባለው ደግሞ ሀሽማፕ ይባላል። የመጀመሪያው መንገድ ኦ ኤን ስኩዌር ነው (ዕቃው እጥፍ ሲሆን ሥራው አራት እጥፍ ይሆናል)፣ ሁለተኛው ኦ ኤን (ዕቃው እጥፍ ሲሆን ሥራውም እጥፍ)። ግን መዝገቡ ሜሞሪ ይበላል። ይህን ሳትጠየቂ ተናገሪው። እኔ ከትክክለኛው መልስ እኩል የምፈልገው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ፓይተን ይሻላል ጃቫ?

መልስ፦ እጅህ የለመደው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደከም ያለ ነው። እፈራለሁ።

መልስ፦ አንድ ጠዋት ውስጥ ከኦሮምኛ ወደ ሶማልኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ የሚሻገር የድሬ ልጅ ቋንቋ አይፈራም! የሚያስፈልግህ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። «ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል?»፣ «ቁጥሮቹ ይደጋገማሉ?»፣ «መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ላሳይ፣ ከዚያ አሻሽለዋለሁ።» እነዚህን በእንግሊዝኛ አፍህ እስኪለምዳቸው በላቸው። ኮድ መጻፍ የሚጀመረውም ከነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጊ። ስልክሽ ላይ ዳታ ግዢና ሆትስፖት ቀድመሽ ሞክሪው። የጠያቂውን ኢሜይል ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ከተቋረጠ ወዲያው አሳውቂው። ሰው ይረዳል።

መብራት ካነሳን አይቀር፣ ሰዓቱንም አደራ። 15:00 ዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ነው። ስልካቸው 18:00 ሲላቸው ግራ ተጋብተው ያመለጣቸው ልጆች አሉ፤ ወራት ተዘጋጅተው።

ጥያቄ፦ ማን ያለማምደናል?

መልስ፦ እኔ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አንድ አንድ ሰዓት እሰጣችኋለሁ። ጥያቄውን እኔ አመጣለሁ፤ እናንተ እያወራችሁ ትሠራላችሁ።